አሥር ምን? በማኅደረ ትውስታ ኮድ ውስጥ ስለሚወጡ ስሞች

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ጉባኤ ላይ ከሥርዓተ ክወና የጥናት ቡድን የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ልንናገርበት የተነሣንበት ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ለጉባኤ የሚበቃ አይመስልም። ስለ ፈተና አይደለም፤ ስለ ምግብ ቤቱ ወጥም አይደለም። ስለ ስም ነው፤ ያውም የሰው ስም ሳይሆን በሥርዓተ ክወና ኮድ ውስጥ ለተለዋዋጮች ስለሚሰጥ ስም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። ለተለዋዋጭ ግን ስም የሚያወጣለት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ዐይኑ የቀላ፣ ነገ ጧት የሚያስረክበው ሥራ ያለበት ተማሪ ነው። ያ ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል፤ ያወጣው ስም ግን ከኮዱ ጋር ይቀራል፤ ከኋላው የሚመጣውም ያንኑ ስም አምኖ ሥራውን ይቀጥላል።

ነገሩን ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት በሥርዓተ ክወና ትምህርት የምንሠራበት ትንሽ ከርነል ከአንዱ ዓመት ተማሪዎች ወደ ሌላው የሚወራረስ ሆኗል። መሠረቱ ኤክስቪ6 የሚባለው፣ በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ለማስተማሪያ የተዘጋጀው ከርነል ነው። የመጣው ሁሉ የራሱን ይጨምርበታል፤ ያለፈውን ግን ማንም አያጠራውም። በዚህ ዓመት የማኅደረ ትውስታውን ክፍል የተረከቡት ታናናሾቻችን «ካውንት»፣ «ካውንት2» እና «ኒው ካውንት» የተባሉ ሦስት ተለዋዋጮች እያንዳንዳቸው ምን እንደሚቈጥሩ ለማወቅ ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጅተዋል። አንዱ ገጽ ይቈጥራል፤ አንዱ ባይት ይቈጥራል፤ ሦስተኛው አንድን ገጽ ስንት ፕሮሰሶች እንደ ያዙት ይቈጥራል። የሚያሳዝነው የባከነው ጊዜ ብቻ አይደለም። ከእነርሱ መካከል «እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርሁም» ያሉ አሉ። የጻፈው ሰው ስም ለማውጣት አንድ ደቂቃ ስለ ነፈገ፣ የሚያነበው ሰው የገዛ አእምሮውን ሲጠራጠር ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

«ስም ለኮድ ሁሉ ያስፈልጋል፤ ስለ ምን የማኅደረ ትውስታውን ክፍል ለይታችሁ አነሣችሁ?» የሚለን ይኖራል። ምክንያታችን ሁለት ነው። አንደኛው፣ በዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ቁጥር መሆኑ ነው። አድራሻ ቁጥር ነው፤ የገጹ ተራ ቁጥር ነው፤ የገጾቹ ብዛት ቁጥር ነው፤ የባይቱ መጠንም ቁጥር ነው። ኮምፓይለሩ ሁሉንም አንድ ዐይነት ባለ 64 ቢት ቁጥር አድርጎ ስለሚያያቸው አንዱን በሌላው ቦታ ብናስገባ አይቃወመንም። አንድ ነጋዴ «አሥር ላክልኝ» ብሎ ቢልክባችሁ «አሥር ምን? ቁና ነው ወይስ ዳውላ?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ኮምፓይለር ግን አይጠይቅም፤ ይልካል። አንድ ገጽ 4096 ባይት በሆነበት ኮምፒዩተር ላይ፣ ተራ ቁጥሩ 10 የሆነው ገጽ መነሻ አድራሻው 40960 ነው። «ፔጅ» በተባለ ተለዋዋጭ ውስጥ ያለው 10 ነው ወይስ 40960? ስሙ አይናገርም። አድራሻውን ተራ ቁጥር መስሎት ዳግመኛ በ4096 ያባዛው ሰው 167,772,160 ላይ ይደርሳል፤ በዚያም ከሌላ ሰው ቤት ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ በዚህ ክፍል የተሠራ ስሕተት በተሠራበት ቦታ አለመታየቱ ነው። ያለ ጊዜው የተለቀቀ ገጽ ለሌላ ፕሮሰስ ይታደላል፤ የቀድሞው ባለቤት ግን ገጹ የእርሱ እየመሰለው ይጽፍበታል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚወድቀው ምንም ያላጠፋው ሁለተኛው ነው። እኛም ተበዳዩን ይዘን ስንመረምር እናድራለን። የኤክስቪ6 ደራሲዎች ይህን ስለሚያውቁ የተለቀቀውን ገጽ ባይቱን ሁሉ በ1፣ አዲስ የሚታደለውን ደግሞ በ5 ይሞሉታል፤ የማይገባውን ገጽ የሚያነብ ኮድ ቶሎ እንዲጋለጥ ነው። ዘዴው መልካም ነው፤ ነገር ግን ስሕተቱ ከተጻፈ በኋላ የሚሠራ ነው። ስም የሚሠራው ስሕተቱ ሊጻፍ ሲል ነው።

የአድራሻን ነገር ጥቂት እናስፋው። ፕሮሰስ የሚያየው አድራሻ ምናባዊ ነው፤ በማኅደረ ትውስታው ላይ ያለው ደግሞ አካላዊ ነው፤ በሁለቱ መካከል የገጽ ሠንጠረዥ ቆሞ ያስተረጕማል። ለዚህ ነገር ከአገራችን ሰዓት የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። «በሁለት ሰዓት እንገናኝ» ብሎ ከውጭ አገር ሰው ጋር የተቃጠረ ሁሉ ያውቀዋል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ መነሻው ግን በስድስት ሰዓት ይለያያል፤ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ነገር ግን አይገናኙም። በኤክስቪ6 ምናባዊው አድራሻ ሁልጊዜ «ቪኤ»፣ አካላዊው ደግሞ ሁልጊዜ «ፒኤ» ይባላል። «ዎክአድር» የተባለው ፈንክሽን «ቪኤ» ተቀብሎ «ፒኤ» ይመልሳል፤ በሲ ቋንቋ ዐይን ግን የገባውም የወጣውም ያው ባለ 64 ቢት ቁጥር ነው። ከእነዚያ ሁለት ሁለት ፊደላት በቀር ሁለቱን የሚለያቸው ጠባቂ የለም። ከዚህም ሌላ አንድ አታላይ ነገር አለ፤ በዚያ ከርነል ውስጥ ለከርነሉ ራሱ ዋናው ማኅደረ ትውስታ ምናባዊውም አካላዊውም አድራሻ አንድ ቁጥር እንዲሆን ተደርጎ ተዘርግቷል። ስለዚህ ሁለቱን የሚያደበላልቅ ተማሪ በከርነሉ ገጾች ላይ ሲሠራ ምንም ጉዳት አያይም፤ ሰዓቱን እንደ እርሱ ከሚቈጥሩ ሰዎች ጋር ብቻ እንደሚኖር ሰው ይመቸዋል። ጉዱ የሚፈላው የፕሮሰስ አድራሻ የመጣ ዕለት ነው። እኛ በተረከብነው ኮድ ውስጥ ግን «አድር» የሚል ብቻውን የቆመ ስም ሞልቷል። የማን ሰዓት እንደ ሆነ የሚነግረን የለም።

አሁን ከትንሹ ከርነል ወደ ትልቁ እንለፍ። ሊኑስ ቶርቫልድስ በ1991 የጀመረው ሊኑክስ (በዚህ ንግግር ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ዛሬ በኪሳችን ባለው ስልክም በታላላቆቹ ኮምፒዩተሮችም ይሠራል። ኮዱና የለውጡ መዝገብ ለማንም የተገለጠ ስለ ሆነ፣ የስሞቹን ታሪክ እንደ ቤተ ሰብ የትውልድ ሐረግ መከታተል ይቻላል። ከተከታተልነው ሁሉ ያስደነቀን «ማክስ ኦርደር» የተባለው ስም ታሪክ ነው።

ሊኑክስ ተከታታይ ገጾችን የሚያድለው እጥፍ በእጥፍ በሆነ መጠን ነው፤ መጠኑም «ኦርደር» በሚባል ቁጥር ይጠየቃል። ኦርደር 0 ማለት 1 ገጽ፣ ኦርደር 1 ማለት 2 ገጾች፣ ኦርደር 2 ማለት 4 ገጾች ነው። እንዲህ እየታጠፈ ኦርደር 10 ላይ ሲደርስ 1024 ገጾች ይሆናል፤ ገጹ 4096 ባይት ከሆነ 4 ሜጋባይት ማለት ነው። እንግዲህ «ማክስ ኦርደር» ሲባል እንግሊዝኛ የቈጠረ ሰው ሁሉ «የተፈቀደው ከፍተኛ ኦርደር» ብሎ ይተረጕመዋል። ለረጅም ዘመን ግን ትርጉሙ እንዲህ አልነበረም። በተለመደው አወቃቀር የ«ማክስ ኦርደር» ዋጋ 11 ነበር፤ የተፈቀደው ከፍተኛ ኦርደር ግን 10 ነበር። ስሙ «ከፍተኛው» ይላል፤ ትርጉሙ «ከከፍተኛው አንድ የሚበልጠው» ነበር።

መምህር «ሥራችሁን እስከ ዐርብ አስረክቡ» ሲሉን የሚሆነውን እናውቃለን። እኩሌታው ሐሙስ ማታ ሲሯሯጥ ያድራል፤ እኩሌታው ዐርብ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም «እስከ» የሚለውን ቃል በትክክል ተረድቻለሁ ይላል። በሊኑክስም የሆነው ይኸው ነው። በ2023 ኪሪል ሹቴሞቭ የተባለው የከርነል ሠራተኛ ትርጉሙን ለማቃናት ሲነሣ፣ አስቀድሞ ነገሩን የተሳሳቱትን ቦታዎች አንድ በአንድ ማረም ነበረበት። የፍሎፒ ዲስኩ ድራይቨር ተሳስቶ ነበር፤ የኢንቴል ግራፊክስ ድራይቨር ተሳስቶ ነበር፤ ለስፓርክ ኮምፒዩተሮች የተጻፈው ክፍል ተሳስቶ ነበር፤ የፍጥነት መለኪያው ክፍል ተሳስቶ ነበር፤ ይባስ ብሎም «ስለብ» የሚባለው፣ ማኅደረ ትውስታን በትንንሹ የሚያድለው የዚያው የማኅደረ ትውስታ ክፍል የቤት ልጅ ተሳስቶ ነበር። እነዚህ የጀማሪ ተማሪ ሥራዎች አይደሉም። የጻፏቸው ሰዎች የሳቱት ሒሳብ ሳያውቁ ቀርተው ሳይሆን ስሙን ስላመኑ ነው።

በዚያው ዓመት በወጣው በ6.4 እትም ትርጉሙ ተቃና፤ «ማክስ ኦርደር» ስሙ እንደሚለው የተፈቀደው ከፍተኛ ኦርደር ሆነ፤ ዋጋውም 10 ሆነ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ትርጉሙ ሲለወጥ ስሙ አልተለወጠም። ገና ወደ ዋናው ከርነል ያልገባ፣ በየሰዉ እጅ ያለ ኮድ የተጻፈው በቀድሞው ትርጉም ነበር። ያ ኮድ በአዲሱ ከርነል ላይ ሲቀርብ ኮምፓይለሩ ያለ አንዳች ቅሬታ ይቀበለዋል፤ ስሙን ያውቀዋልና። ይሠራልም፤ ግን በአንድ ይስታል። ስለዚህ በ2024 በወጣው በ6.8 እትም ስሙ ራሱ ተለውጦ «ማክስ ፔጅ ኦርደር» ተባለ። አዲሱ ስም ከአሮጌው እጅግ የሚበልጥ ነገር አይናገርም፤ ዋጋው ያለው አሮጌው በመጥፋቱ ነው። አሮጌውን ስም የጻፈ ሁሉ ኮምፓይለሩ «እንዲህ የሚባል አላውቅም» ይለዋል፤ ባለ ኮዱም ቆሞ ለማየት ይገደዳል። በ2016 የገጽን ያዦች የሚቈጥረው «ካውንት» ስሙ ተለውጦ «ሬፍካውንት» የተባለውም ለዚህ ዐይነት ጥቅም ነበር፤ ሰዎች በለመዱት ስም ገብተው በቀጥታ እንዳይነኩት።

ሌላው ምሳሌ አጭር ነው። በሊኑክስ ማኅደረ ትውስታ የሚጠይቅ ኮድ ጥያቄውን ከምልክቶች ጋር ያቀርባል። ከምልክቶቹ አንዱ «ዌይት» ይባል ነበር፤ «መጠበቅ እችላለሁ» ማለት ነው። ምልክቱን ያላደረገው እንደ አስቸኳይ ተቈጥሮ ለክፉ ቀን የተቀመጠው መጠባበቂያ ይከፈትለት ነበር። ነገር ግን ምልክቱን የሚተዉ ሁለት ዐይነት ሰዎች ነበሩ። አንዱ በእርግጥ መጠበቅ የማይችል ነው፤ ሌላው ግን ሌላ አማራጭ ስላለው መጠበቅ የማይፈልግ ነው። አምቡላንስና የቸኰለ ባለ ታክሲ በአንድ ስም ተጠሩ፤ መንገዱም ለሁለቱ እኩል ተከፈተ። በ2015 ሜል ጎርማን ሁለቱን ለየብቻቸው ምልክት አበጀላቸው፤ «ዌይት» የሚለውም ስም ቀረ።

ይህን ስንል ሊኑክስ ስሞቹን ሁሉ አቃንቶ ጨርሷል ማለታችን አይደለም። የአንድን ፕሮሰስ የአድራሻ ግዛት የሚገልጸው መዋቅር ሁለት ቈጣሪዎች አሉት፤ አንዱ «ኤምኤም ዩዘርስ»፣ ሌላው «ኤምኤም ካውንት» ይባላል። ነገሩ እንደ ኪራይ ቤት ነው። የመጀመሪያው በቤቱ የሚኖሩትን ይቈጥራል። ሁለተኛው ቤቱ እንዳይፈርስ እጃቸውን ያኖሩበትን ይቈጥራል፤ ነዋሪዎቹ ሁሉ ተጠቃለው በእርሱ ዘንድ እንደ አንድ ይታያሉ። ለምሳሌ የራሱ የአድራሻ ግዛት የሌለው የከርነል ክር የቀደመውን ፕሮሰስ ግዛት ሲዋስ በዚህ በሁለተኛው ይቈጠራል። ነዋሪዎቹ ሲያልቁ ዕቃው ይወጣል፤ ሁለተኛው ቈጣሪ ዜሮ ሲሆን ግን ቤቱ ራሱ ይፈርሳል። «ካውንት» ከሚለው ስም ይህን ሁሉ ማን ይገምታል? ሁለቱን ያወቀ ሰው አንዱን በአንዱ ቢለውጥ ሰዎች ያሉበት ቤት ይፈርሳል፤ ወይም ባዶ ቤት ለዘለዓለም ቆሞ ይቀራል። በ2017 ለመያዣዎቹ «ኤምኤም ጌት» እና «ኤምኤም ግራብ» የተባሉ ፈንክሽኖች ወጡላቸው፤ የመጀመሪያው ለነዋሪ፣ ሁለተኛው ለቤቱ ነው። ቈጣሪውን በቀጥታ ከመንካት ይሻላል። ሆኖም እንናገር ከተባለ፣ ሁለቱም ቃላት በእንግሊዝኛው መዝገበ ቃላት «መያዝ፣ መውሰድ» ናቸው፤ ነዋሪው የትኛው፣ ቤት ጠባቂው የትኛው እንደ ሆነ ከቃሉ አይወጣም። ይህን አናደንቅም።

ከዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን «እንግዲያው ስሞቹን በአማርኛ እናውጣ» ይላሉ። አሳቡ የሚናቅ አይደለም። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር በ2020 ከወጣው ከ10ኛው እትም ጀምሮ በላቲን ፊደል ያልተጻፈ ስም በቀጥታ ይቀበላል፤ «ገጽ» ብሎ ተለዋዋጭ መሰየም ይቻላል። ነገር ግን ሞክሩት። አንዱ «ገጽ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው «ገፅ» ብሎ ይጽፋል። ለእኛ አንድ ቃል ነው፤ ለኮምፓይለሩ ሁለት የማይተዋወቁ ተለዋዋጮች ናቸው። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዐቅም» እና «አቅም» እንደዚሁ። የፊደላችን ሀብት የሆነው ነገር እዚህ ላይ መጥፊያችን ይሆናል፤ መምህራኖቻችን ስለ ሆሄያቱ የያዙት ክርክር ሳያልቅ ይህን ከከርነል ውስጥ ማስገባት አይገባም እንላለን። ከዚህም በላይ ከሌላ አገር ተማሪ ጋር በኮድ መነጋገር ይቀርብናል። ይልቁንስ ስሙ በእንግሊዝኛ ሆኖ፣ በፋይሉ ራስ ላይ እያንዳንዱ ስም ምን እንደሚለካ፣ ከየት እንደሚቈጥርና ጫፉ ጭምር መሆን አለመሆኑ በአማርኛ ይጻፍ። በሁለተኛ ቋንቋ ለሚያነብ ሰው ይህ ከማንኛውም ረጅም ስም ይበልጣል።

ረጅም ስም ስንል ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። «ዩኒክስን የጻፉት ሰዎች አጭር ስም ይወዱ ነበር፤ እናንተ ተለዋዋጭን ድርሰት ልታደርጉት ነው» የሚሉን አሉ። እኛ ርዝመት አላልንም። «ቪኤ» ሁለት ፊደል ነው፤ ቃሉን ስለሚጠብቅ ግን ይበቃል። በኤክስቪ6 «ኬቪኤም» ብሎ የሚጀምር ፈንክሽን የከርነሉን፣ «ዩቪኤም» ብሎ የሚጀምረው የተጠቃሚውን የገጽ ሠንጠረዥ እንደሚነካ አንዴ የተማረ ሰው አይስትም። ሦስት መስመር ላይ ተወልዶ ሦስት መስመር ላይ ለሚሞት ቈጣሪ «አይ» ይበቃዋል። ሌላው ተቃውሞ ግን ክብደት አለው፤ ስም ሲለወጥ የመስመሩን ታሪክ መከታተል ያስቸግራል፤ በጎን የሚሠሩትም ሰዎች ሥራ ይጋጫል። እውነት ነው። ስለዚህ ስም ለማሳመር ብቻ የሚደረግ ለውጥ አንደግፍም፤ አስፈላጊ ሲሆንም የስሙ ለውጥ ለብቻው፣ የሥራው ለውጥ ለብቻው ይመዝገብ።

ከስም የሚበልጥ ነገር እንዳለም እናውቃለን። በሊኑክስ አንድ «ፔጅ» ብቻውን የቆመ ገጽ፣ ወይም የብዙ ገጾች ጥቅል ራስ፣ ወይም የጥቅሉ ጅራት ሊሆን ይችል ነበር፤ ፈንክሽኖቹም «አንተ ራስ ነህ ወይስ ጅራት?» እያሉ ደጋግመው ይጠይቁ ነበር። ማቲው ዊልኮክስ ያመጣውና በ2022 መጀመሪያ በወጣው በ5.16 እትም የገባው «ፎልዮ» ጅራት የማይሆን አዲስ ዐይነት ነው። ስለ ስሙ ብዙ ተከራከሩ። (ፎልዮ የኛ የብራና ሰዎች ቅጠል የሚሉት ነው፤ ክርክሩን ቢሰሙ ይስቁ ነበር።) ጥቅሙ ግን ልዩነቱን ኮምፓይለሩ ራሱ እንዲያውቅ ማድረጉ ነው። እኛም «ቪኤ»ንና «ፒኤ»ን ሁለት የተለያዩ ዐይነቶች ብናደርጋቸው ከስም ጠባቂነት እናርፋለን፤ ይህ ግን ለአንድ መንፈቅ ዓመት የሚበቃ ሥራ ስለ ሆነ ለጊዜው በስሙ እንጀምር።

የምንለምነው ይህን ነው። ከርነሉ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪዎች ከመተላለፉ በፊት፣ ከተረካቢዎቹ መካከል ኮዱን አይተው የማያውቁ ሁለት ተማሪዎች ይመረጡ። የተለዋዋጮቹ ስም ብቻ በወረቀት ይሰጣቸው፤ እያንዳንዱ ምን ይመስላችኋል ተብለው ግምታቸውን ይጻፉ። ግምታቸውና ኮዱ ባልተስማሙበት ቦታ ሁሉ የሚለወጠው ስሙ ይሁን፤ ተማሪው አይወቀስ። መምህራኖቻችንም ከማኅደረ ትውስታው ሥራ ማርክ ጥቂቱን ለዚህ እንዲመድቡ እንጠይቃለን፤ ማርክ የሌለው ነገር በዚህ ግቢ እንደማይሠራ እናንተም እኛም እናውቃለንና።

ለመጀመሪያው ሙከራ ከገጽ አዳዩ ፋይል የተለቀሙት ስሞች ዝርዝር በቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፏል። ከስሩ ባዶ ቦታ አለ፤ የተሻለ ስም ያለው ይጻፍበት። ዝርዝሩ እስከ ዐርብ ይቈያል፤ ዐርብም ጭምር።